የአራት ሰዓቱ ጥርስ

ጥቅምት 3

ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ከላይኛው ድዴ በስተቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት። ስስቅ አፌን በመዳፌ እንድይዝ አስተምራኛለች፤ ለጨዋነት አይደለም፣ ጥርሱን ለመቅለብ ነው።

ስለ አዲሱ ጥርስ ላነሣሽው፣ መልሱ አጭር ነው፦ እሱ ተመችቶታል፣ የተቸገርኩት እኔ ነኝ። አንድ ክፍል የተከራዩ ሁለት ጸበኞች ሆነናል። ስናገር ቋ ቋ እያለ ይመልስልኛል፤ ዝም ስል ብቻውን ይቀጥላል። ባለፈው ሳምንት ሳስነጥስ ወጥቶ ጎረቤታችን ጭን ላይ አረፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው መሆን አለበት።

ሐኪሙን ዶክተር ይለመዳል እንለዋለን። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያጸደቅንለት ወረፋ ላይ የምንውለው ሕዝብ ነን። አምስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። መጀመሪያ «ይለመዳል» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ጥርሱን ከአፌ አውጥቶ ሞረደውና «አሁን ይለመዳል» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ማጣበቂያ ሰጠኝ። አራተኛ ጊዜ ደግሞ ሞረደው። አምስተኛ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና፣ «ችግሩ ጥርሱ አይደለም። ድድዎ ነው ለመተባበር ፈቃደኛ ያልሆነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ድዴ አንነጋገርም።

ፍንጭቴስ ላልሽው፣ የለም። ሁለቱን የፊት ጥርሶቼን የሰልፉ መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ትራምፔቱ ራሱ እንዳወለቀልኝ፣ የቀሩትም ከሐዘን ይሁን ከእርጅና ተከትለዋቸው እንደሄዱ ታውቂያለሽ። ልኬ ሲወሰድ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ትራምፔት የነፋሁት በፍንጭቴ ነው፣ ፍንጭቴን ይጠብቁልኝ» ብዬ በወረቀት አስጽፌ ነበር። የመጣልኝ ጥርስ ግን እንደ ግንብ አጥር ግጥም ያለ ነው። ብጠይቀው፣ «ሳይንስ ፍንጭት አያውቅም» አለኝ። ባለቤቴ ግን ታውቃለች። ያገባችኝ በእሱ ነው።

የተቀበልኩበትን ቀን ንገረኝ ላልሽው፦ ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ነበር። በሰዓቴ ደርሼ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ፣ አፌን ከፍቼ ጨርሻለሁ። ነርሷ ሁለት ኩባያ በሳህን ይዛ ቆማለች፤ በየኩባያው ውስጥ በውኃ የተዘፈዘፈ ጥርስ አለ፤ አንዱ ላይ «አራት ሰዓት»፣ አንዱ ላይ «አራት ተኩል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ሰው ከነከረባታቸው ገቡ። ስብሰባ አለባቸው። ዶክተሩ ጎንበስ ቀና አለ። እኔም ከነተከፈተ አፌ ተነሣሁና ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው እኔ ባሞቅኩት ወንበር ተስተናግደው ሲወጡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገባሁ። ሌላ የተለየ ነገር አልነበረም።

ስለ ትራምፔቱ አታስቢ። ደህና ነው። ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

*

ጥቅምት 14

አንተ፣

ትራምፔት ሳጥን ውስጥ ደህና እንደሚሆን ሳትነግረኝም አውቃለሁ። ያልነገርከኝን የነገረችኝ ሚስትህ ናት። ከአንደኛ ትራምፔት ወንበር አስነሥተው ሲምባል እንዳስያዙህ፣ ሁለት የድስት ክዳን ይዘህ ከኋላ እንደምትቆም ጽፋልኛለች። ከእኔ ደብቀህ ለማን ልትነግር ነው? ፊደል ያስቆጠርኩህ፣ ከሰፈር ልጅ ዱላ ያስጣልኩህ እኔ አይደለሁም? ደብዳቤህን ሳነብ ስቄያለሁ፤ የእሷን ሳነብ ግን አልሳቅኩም።

አሁን ስማኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ጥርስ ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ የምነግርህን እንደ እህት ብቻ አትስማው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ከአፍህ ልክ በወጣ የጀሶ ድድ ላይ ነው። ጀሶው ላይ የባለቤቱ ስም በመርፌ ይጫራል። ጥርሱ የዚያ ሰው ከሆነ፣ ጀሶው ላይ ስታሳርፈው ጠቅ ብሎ ይገባል፣ እግር የገዛ ጫማውን እንደሚያገኝ። የሌላ ሰው ከሆነ ይወዛወዛል። ይህ ክርክር የለበትም። ድድ ባይተባበር እንኳ ጀሶ አይዋሽም።

«ሳይንስ ፍንጭት አያውቅም» ያለህ ሰው የሥራ ትእዛዝህን አላነበበም፤ ወይም ያየው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሐኪም ይሳሳታል። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ፤ አንዲት ሙሽራን ሁለት ቀን የአያቷን ጥርስ አስለብሻታለሁ። ግን ስትመጣ አየሁ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ በዚያው ቀን አስተካከልኩ። ነውሩ መሳሳቱ ላይ አይደለም። ሰው አምስት ጊዜ አሞኛል ብሎህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ ሞረድ ማንሣት ነው ነውሩ።

ሄደህ ጀሶህን ጠይቅ። «ጥርሴን በፊቴ ጀሶዬ ላይ ያሳርፉልኝ» በል። እምቢ ካለ በጽሑፍ አቤት በል። ለሚስትህም ሰላም በልልኝ፤ ጻፈችብኝ ብለህ ብታኮርፋት ውርድ ከራሴ።

እትዬህ

*

ጥቅምት 28

ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ። አዎ፣ ሲምባል ላይ ነኝ። ስልሳ አራት የዜማ መለኪያ ቆሜ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ «ጧ!» አደርጋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እቆጥራለሁ። ባለፈው ረቡዕ ቁጥሩ ጠፋብኝና በዝምታው መካከል «ጧ!» አልኩ። ዋሽንት ነፊዋ ጮኸች።

በባንዱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ። መሪያችን ክፉ ሰው አይደለም። ጥርሱ ከአፌ ወጥቶ ትራምፔቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ዕለት፣ የመምሪያ ዱላውን አስቀምጦ ትከሻዬን አቅፎ ነው የወሰደኝ። «ኅዳር 30 አዲሱ ባቡር ጣቢያ ይመረቃል። በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል። ብቻህን የምትነፋው ሃያ አራት መለኪያ አለ። እስከ ኅዳር 22 አፍህ ከተስተካከለ ያንተ ነው፤ ካልሆነ ለምክትሉ ሰጥቼ ወንበሩንም አጸድቅለታለሁ» አለኝ። ምክትሉን ታውቂዋለሽ፣ ሃያ ዓመት ወንበሬን ሲያይ የኖረው። አሁን በየጠዋቱ «ጥርስህ እንዴት አደረ?» ይለኛል። እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው ኖሮ አላወቅኩትም!

ጀሶውን ጠየቅሁ። ዶክተር ይለመዳል መነጽሩን አውልቆ በሐዘን አየኝ። «ማነው ጀሶ የሚባል ነገር የነገረዎት?» አለኝ። እህቴ አልኩት። «ሐኪም ናት?» አይደለችም አልኩት። «እንግዲያው» አለና በዚሁ ክርክሩ የተዘጋ መሰለው። ሲቆይ ደግሞ ጀሶ ከሁለት ወር በኋላ እንደሚጣል፣ የእኔም እንደተጣለ ነገረኝ። ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ብለው፣ «ቀደም ብለን እንጥላለን፣ ለጥንቃቄ» አለኝ። ከዚያ ሞረዱን አነሣ። ሲሞርደው ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ጥርሱ እየሳሳ ሄዶ ሻይ ስጠጣ ብርሃን ያሳልፋል።

አቤቱታዬን ለክሊኒኩ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በአራት ገጽ አስገባሁ። ጸሐፊዋ «በአንድ ገጽ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሦስቱ ገጽ ስለ ዶክተሩ ጠባይ ነበርና ጀሶውን ብቻ አስቀረሁ። ለኅዳር 19 ተቀጥሯል። ከመሪው ቀን ሦስት ቀን ይቀድማል።

የተጣለ ጀሶ ከየት ይመጣል ግን? አንቺ ንገሪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ለጊዜው ባለ ክዳኑ

*

ኅዳር 6

ለታናሼ፣

ለጠየቅኸኝ፦ ጀሶው ከየት እንደሚመጣ የአንተ ጭንቀት አይደለም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ። ሰው ሁሉ ያንተን ያህል አያወራም።

ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ቀልድ የለም። ስለ ሠላሳ አንድ ዓመትህ አታውራ። ስለ ድድህ አትማል። ሐኪሙን አትስደብ፤ ከሰደብከው በዳይነቱ ቀርቶ ተበዳይ ይሆናል፣ አንተም ባለጌ ትባላለህ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ጥርሱ ጀሶው ላይ ይረፍ። ደጋግመህ ይህችኑ በል። አሰልቺ ሁን። ለአንተ እንደሚከብድህ አውቃለሁ።

ደግሞ ማጣበቂያውን በዚያን ቀን እንዳትቀባ። ጥርሱ ሲወድቅ ይዩት።

እትዬህ

*

ኅዳር 20

ለእትዬ፣

ይቅር በዪኝ፣ ቀልጃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ። ለምን እንደሆነ ካነበብሽው በኋላ ፍረጂኝ።

ማን ማን ነበር ብትዪ፦ አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ዋና ነርስ፣ አንድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተኙ አባል፣ እና ሰብሳቢው። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ያን ዕለት ወንበሬን ያሞቅኩላቸው ባለ ከረባቱ! ወረፋዬን የቀማኝ ሰው ዳኛዬ ሆኖ ተቀምጦ ምን ፍርድ እጠብቃለሁ?

ጸሐፊዋ በር ላይ እንዳጫወተችኝ፣ እኚህ ሰው ከመስከረም ወዲህ ጠባያቸው ተለውጧል። ድሮ ሦስት ሰዓት ይናገሩ የነበሩት፣ አሁን ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ስብሰባ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ሠራተኛው «ምን ያለ አስተዋይ ሆኑ!» እያለ ያመሰግናቸዋል፤ የደረጃ ዕድገትም ታስቦላቸዋል። «ስብሰባው ተጀምሯል» ሲሉ ግን ከመካከሉ ቀጭን ፉጨት ወጣና የዘበኛው ውሻ ከግቢ መለሰላቸው። ሁላችንም ያልሰማን መሰልን።

አንቺ እንዳልሽው አሰልቺ ሆንኩ። «ጥርሱ ጀሶው ላይ ይረፍልኝ» አልኩ። ዶክተር ይለመዳል ስለ ድዴ ሩብ ሰዓት ተናገረ። «ጥርሱ ጀሶው ላይ ይረፍልኝ» አልኩ። «ጀሶው ተጥሏል!» አለ። ይህን እንዳለ በሩ ተንኳኳ። የላቦራቶሪው ጥርስ ሠሪ፣ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። ፈታው። የእኔ ድድ ነበር፣ እትዬ! ስሜ ተጭሮበት፣ ነጭ ሆኖ፣ ሰላማዊ ሆኖ። ታርቄው የማላውቀውን ድዴን እዚያ አቅፌ ልስመው ቃጣኝ።

ዋና ነርሷ ጥርሱን ከአፌ ተቀብለው ጀሶው ላይ አሳረፉት። እግሩ እንደተሰበረ በርጩማ ተወዛወዘ። በአንድ ጣት ነኩት፤ ተገለበጠ። ዶክተሩ አጎነበሰ፣ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ላቡን ጠረገና ምን አለ መሰለሽ?

«ይለመዳል።»

ጀሶውን ነው እኮ!

ይሄኔ ሰብሳቢው ከመስከረም ጀምሮ ያመቁት ሳቅ አመለጣቸው። አፋቸው ተከፈተ። ከሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው መካከል ፍንጭት ታየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በመስታወት የማውቀው፣ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ያለው፣ ባለቤቴን ያገባሁበት ፍንጭት!

ኩባያዎቹ ትዝ አሉኝ። «አራት ሰዓት።» እሳቸው ቀድመውኝ ገቡ፤ ነርሷም እንደ ደንቡ ቀድሞ ለገባው የአራት ሰዓቱን ኩባያ ሰጠች። ብድግ አልኩ። ጥርስ አልባ አፌ እንደፈቀደልኝ፣ «ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን የወሰዱብኝ ወረፋዬን ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ይህች ናት ቀልዴ።

ሰብሳቢው ቀሉ፣ «ይህ ድፍረት ነው!» አሉ፣ ውሻውም ተስማማ። ዋና ነርሷ ግን ፊታቸው አልተለወጠም። ንጹሕ መሐረብ ዘረጉላቸውና፣ «ጌታዬ፣ በሰው አፍ ላይ የምንፈርድ ከሆነ የራሳችንንም እናሳይ» አሏቸው። ሰብሳቢው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሁለቴ ተነቃነቀ። ሲዞሩ አፋቸው ጎድጉዶ አሥር ዓመት አርጅተው ነበር። ዋና ነርሷ ጥርሱን አጥበው፣ ጀሶዬ ላይ አሳረፉት።

ጠቅ።

ከትራምፔት በቀር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የተኙት አባል ነቁ።

ዶክተሩ እሳቸውን ለመሞረድ ስላልደፈረ፣ ጥርሴ እንደተሠራ ነው ያለው። «እጅግ ያምርብዎታል» ብሎ ነው ሲያሰናብታቸው የኖረው። ሦስት ጊዜ ሲሞረድ የከረመው የእሳቸው ነው። ውሳኔው መነበብ ነበረበትና ሰብሳቢው ያለ ጥርስ አነበቡት። ከ«አቤቱታው» በቀር የገባኝ ቃል የለም፤ በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ንግግር ግን እሱ ነው። ዶክተሩ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ፣ ከእንግዲህ ኩባያ ላይ ሰዓት ሳይሆን ስም እንዲጻፍ፣ ወረፋ ያለው ሰው ማንም ቢመጣ ከወንበሩ እንዳይነሣ ተወሰነ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ያ ጥርስ ሠሪ ሲወጣ፣ «ለመምህሬ ሰላም ይበሉልኝ» አለኝ። መምህሩ ማን ናት?

ታናሽ ወንድምሽ፣ ባለ ፍንጭቱ

*

ኅዳር 26

ለታናሼ፣

ተደረሰብኝ እንግዲህ። አዎ፣ በእጄ የሠለጠነ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ፣ ላንተ ከመመለሴ በፊት ለእሱ ጻፍኩ። ጀሶ የሚቀመጠው በክሊኒኩ አይደለም፣ በላቦራቶሪው ነው፤ ሐኪምህ የጣልኩት ያለው እጁ ያልነካውን ነገር ነው። «የዚህን ሰው ጀሶ እንዳትጥል» አልኩት። እሱም ፍንጭቱን በገዛ እጁ እንዳበጀው፣ ወደ ግራ ማዘንበሉን እንኳ እንዳልረሳ ማለልኝ። ላንተ ብነግርህ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ባወራኸው ነበር። ስለዚህ ዋሸሁህ። አንተም በሲምባሉ ዋሽተኸኛል፤ ተቻችለናል።

ቀልድህን ይቅር ብዬሃለሁ። ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ሁለት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ።

ስለ ጥርሱ አያያዝ፦ በፈላ ውኃ እንዳትነካው፣ ይጣመማል። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠበው። ደጋግመህ እጠበው! ሁለት ወር ተኩል የሰብሳቢ አፍ ውስጥ ነው የከረመው፤ ሳታስበው ንግግር እንዳያስጀምርህ።

በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ንፋ። ድድህን ይቅርታ ጠይቀው። ኅዳር 30 ሬዲዮኑን ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼ እጠብቃለሁ።

እትዬህ

*

ታኅሣሥ 4

ለእትዬ፣

ቴሌግራምሽ ደረሰኝ። «ሰማሁ» የምትል አንዲት ቃል። ቴሌግራም በቃል ስለሚከፈል ነው አላልኩም፤ ስታለቅሺ እንደማትጽፊ አውቃለሁ።

በሬዲዮ የማይታየውን ልንገርሽ፦ ኅዳር 22 መሪው ፊት ለሙከራ ስቆም፣ ምክትሉ «ጥርስህ እንዴት አደረ?» አለኝ። በአፌ አልመለስኩለትም፣ በትራምፔቱ ነው የመለስኩለት። ሲያልቅ ራሱ ተነሥቶ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገልኝ። ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው ነውና እኔም ሁለተኛውን ዜማ አብረን እንንፋው አልኩት። በሬዲዮ ሁለት ትራምፔት የሰማሽው ለዚህ ነው።

የጣቢያው ጣሪያ ከፍ ያለ መስታወት ነው። ሃያ አራቱን መለኪያ ብቻዬን ስጀምር ድምፁ ወጥቶ ጣሪያውን መታና ተመልሶ ሕዝቡ ላይ ወረደ። በመጨረሻው ረጅም ድምፅ ላይ እስትንፋሴ በፍንጭቴ ሲያልፍ ተሰማኝ፣ እንደ ድሮው፣ የጠፋ ቁልፍ በገዛ ኪስ እንደማግኘት። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ከፊት ቆማ አፏን ይዛለች፤ ጥርስ ለመቅለብ ግን አይደለም። ሲምባሉን የያዘው ሰውዬ አምልጦት «ጧ!» አደረገ። ማንም አልተቆጣውም።

ትናንት ለክትትል ክሊኒክ ሄድኩ። ቁጥሬ አሥራ አንድ ነው። ከጎኔ ማን ተቀምጧል? ሰብሳቢው፣ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ያን የተሞረደ ስስ ጥርሳቸውን ይዘው። አዲሱ እስኪሠራላቸው በእሱ ነው የሚኖሩት። ነርሷ «አሥራ አንድ!» ስትል ተነሣሁና፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ፣ «ጌታዬ፣ ይቅደሙኝ» አልኳቸው።

መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። «የለም፣ የለም! ግባ! በራስህ ወረፋ ግባ!»

ገባሁ። ዶክተር ይለመዳል ኩባያዬ ላይ ያለውን ስም ሁለት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። እጁን ታጠበ። ሞረዱ በአካባቢው አልነበረም። አፌን በመብራት ዙሪያውን አየና፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«እንዴት ነው? ያስቸግርዎታል?»

ምላሴን በፍንጭቴ ላይ አሳለፍኩ።

«ለምጄዋለሁ» አልኩት።

ታናሽ ወንድምሽ፣
አንደኛ ትራምፔት